ጣት የሚያየው

ድንኳኑ በግቢያችን ከቆመ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም፣ ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። በሰፈራችን በዘነበወርቅ ድንኳን የሚተከለው ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ነው፤ የሠርግ ወሬ ደግሞ ቀድሞ ይሰማል። «ማን ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እጃቸውን ይዤ ወደ ድንኳኑ ወሰድኳቸው። ብርሃን በሚያሳልፈው የላስቲክ መስኮት አጮልቀው ሲያዩ ውስጥ ያለው የአባቴ ቶዮታ ዲኤክስ ነው፤ መብራቱ ወልቆ፣ ስፖኪዮው ወልቆ፣ መስታወቱ ጋዜጣ ለብሶ። «ተመስገን!» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው በረንዳው ላይ ካለው በርጩማ ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ቀናት እሳቸውም እንደኔው ከዚያ ቦታ ብዙም አልተነሡም።

ቁጭ ተብሎ የሚታይ ሥራ ነበራ።

ድንኳኑ ሸራም ምሰሶም የለውም። ቀለም ቀቢው ጋሼ ለንግድ ዱባይ በምትመላለስ ዘመዳቸው በኩል ያስመጡት፣ በአየር የሚነፋ የቅብ ድንኳን ነው። ታጥፎ ሲቀመጥ አንድ ትልቅ ሻንጣ ያክላል፤ ሲነፋ ሙሉ መኪና ውጦ በዙሪያው ሰው የሚያዘዋውር ክፍል ይሆናል። ሁለት ነፋሾች አሉት። አንደኛው ግድግዳና ጣሪያ የሆኑትን ወፋፍራም ቱቦዎች ይነፋል፤ ድንኳኑን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። ሁለተኛው በማጣሪያ ያለፈ አየር ወደ ውስጥ ይልካል፤ አየሩ መኪናውን ዞሮ በስተኋላ ባለው ሌላ ማጣሪያ ይወጣል። የውስጡ ግፊት ከውጩ በጥቂቱ ስለሚበልጥ፣ በስፌቱም ሆነ በዚፑ ቀዳዳ ቢኖር አየር ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አቧራ ወደ ውስጥ አይገባም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀላል ነው፤ ግን ለዘነበወርቅ አቧራ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

አሜሪካ ያለ የእህታቸው ልጅ ልላክልዎ ብሎ ነበር፤ ጋሼ እምቢ አሉ። የአሜሪካ ነፋሽ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። በመሀል መቀየሪያ ትራንስፎርመር ይግባ ቢባል አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር መጨመር ነው። የዱባዩ ግን ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። እንዲህ ያለውን ነገር ገና ድንኳኑ ሳይገዛ ማሰባቸው ሥራው ከየት እንደሚጀምር ነገረኝ።

ከዚህ በፊት የሚሠሩት ባሕር ዛፍ አቁመው ላስቲክ ወጥረው ነበር። ላስቲክ ነፋስ ይከለክላል፤ የቀለሙን ጭጋግ ግን አያስወጣም። የተረጨው ቀለም መኪናው ላይ ካላረፈ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ይደርቅና እንደ ዱቄት መልሶ እርጥቡ ቅብ ላይ ይወርዳል። የእድር ድንኳንም ሞክረው ያውቃሉ። ሸራ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ነፋስ ሲመታው የስንቱን ለቅሶ ቤት አቧራ ያራግፋል።

መኪናው ለምን ይህን ያህል እንደተለፋለት ልናገር። አባቴ የገዛው በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ወንድሞቼ ትምህርት ቤት የሄድንበት፣ እናቴ ሐኪም ቤት የደረሰችበት፣ እሱ ራሱ በመጨረሻ የተጓዘበት መኪና ነው። ስሜቱን እንተወውና ሒሳቡም ያንኑ ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተባለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቶዮታ የሚጣል ነገር አይደለም፤ እንደ ቤት ይታደሳል።

እኔም ለማሳደስ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ አስገብቼው ነበር። ሲወጣ ከሩቅ ያበራል። ቀረብ ስል የበሩ ጎሚኒ ሰማያዊ ሆኗል፤ እጀታው ዙሪያ ቀለሙ ጠርዝ ሠርቷል። በሁለተኛው ክረምት የግራው በር ፊኛ አወጣ። ጋሼ ያንን በር ባዩት ዕለት በጥፍራቸው አንዱን ፊኛ ፈነቀሉት። ከሥሩ ስቱኮ፤ ስቱኮው የትንሽ ጣት ያህል ወፍሯል፤ ከስቱኮው ሥር ዝገት። ማንንም አልወቀሱም። «ላሜራው ሳይጠረግ ለብሷል» ብቻ አሉ።

ከሥራው 13 ቀናት ውስጥ 11ዱ ቀለም ያልነበረባቸው ቀናት ናቸው። ይህን ሳላይ ብቀር ኖሮ ስለ ቀለም የምጽፈው ሁሉ ስለ አበባው እንጂ ስለ ሥሩ አይሆንም ነበር።

መጀመሪያ የሚወልቀው ሁሉ ወለቀ። እጀታ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ባምፐር፣ ታርጋ። እያንዳንዱ ከነብሎኑ በየራሱ ፌስታል ገብቶ በወረቀት ፕላስተር ላይ ስሙ ተጻፈበት። እጀታን በፕላስተር ጠምዝዞ ዙሪያውን መቀባት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማውለቅ ግን የበሩን ውስጥ መክፈት ይጠይቃል። ጋሼ አራቱንም በር ከፈቱ። ከእጀታው ሥር ያለችው የመዳፍ ስፋት ላሜራ ዳግመኛ ሰው አያያትም። ውኃ ግን ያገኛታል።

ቀጥሎ መታጠብ መጣ፤ በሳሙና፣ ከዚያ ቅባት በሚያነሣ ፈሳሽ፣ በሁለት ጨርቅ፤ አንዱ የሚያረጥብ፣ ሌላው ሳይደርቅ ተከትሎ የሚያነሣ። አንድ ጠብታ የወጥ ቤት ዘይት ወይም የዳሽቦርድ ማብሪያ ቅባት ቀርቶ ቢሆን ቀለሙ ከእሱ ላይ ይሸሻል፤ ክብ ጉድጓድ ትቶ ይደርቃል። ረዳታቸው ፀጉሩን ቅባት ተቀብቶ የመጣ ዕለት መልሰው ወደ ቤቱ ሲሰዱት ገርሞኝ ነበር። ኋላ ገባኝ።

የተጨማደደውን በመዶሻ ከውስጥ እየገፉ፣ ከውጭ በብረት እየደገፉ አቀኑት። ስቱኮ ያደረጉት ለተረፈችው ጥቂት ጉድለት ብቻ ነው፤ ስስ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ያህል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። 80፣ 120፣ 180፣ እያለ እስከ 320። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው አላሹም፤ በተላገ ቁራጭ ጣውላ ላይ ጠቅልለው ነው። በባዶ እጅ ሲታሽ ጣት ባለበት ይጎደጉዳል፣ በጣት መሀል ይቀራል፤ አሁን አይታይም፣ ከቀለሙ ላይ የሚረጨው ማብሪያ፣ ክሊሩ፣ ሲገባ ግን እንደ ደረቅ ወንዝ ዳርቻ ሞገድ ሆኖ ይወጣል። ጣውላውን ደግሞ ፊትና ኋላ ብቻ አልገፉትም፤ በሰያፍ፣ ከዚያ በተቃራኒው ሰያፍ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አልፎ አልፎ በጣም ስስ ጥቁር ቀለም ጤዛ ያህል ይረጩበታል። ጣውላው ሲያልፍበት ከፍ ያለው ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ጥቁር ይቀራል። ላሜራው ራሱ ጉድለቱን እንዲናገር ማድረግ ነው።

ግን ጥቁሩ ሁሉ ከጠፋ በኋላም ጋሼ አያምኑትም። የቀኝ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ያየሁት ይህ ነው። ስስ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ አነጠፉ። መዳፋቸውን ከጨርቁ ላይ አሳረፉ፤ የጣት ጫፍ ብቻ ሳይሆን ሙሉ መዳፍ፣ ጣቶቹ ወደ ፊት ተዘርግተው። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ከዚያ እጃቸው በራሱ ጊዜ የሚሄድ ይመስል ከመብራቱ ቀዳዳ እስከ በሩ ጠርዝ ቀስ ብሎ ተጓዘ፤ ተመለሰ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እዚህ» አሉ። እኔ አየሁ፤ ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ በብርሃኑ አየሁ፤ ምንም የለም። «ነይ በእጅሽ እይው እህቴ። ዓይንሽን ተይው፣ ዓይን ይደለላል።» ዳሰስኩ። ሁለት ጊዜ ዳሰስኩ። በሦስተኛው የሆነ ነገር እጄ ሥር የተነፈሰ መሰለኝ፤ ጉብታ ሊባል የማይችል፣ የወረቀት ውፍረት የማያክል። ጨርቁ የተነጠፈው ለዚህ ነው፤ ባዶ ቆዳ ላሜራ ላይ ይይዛል፣ ሲይዝ ስሜቱ ይታወካል፤ በጨርቅ ላይ ግን ይንሸራተታል፣ የሚሰማው ቅርጹ ብቻ ነው።

ስለ እጃቸው ስጠይቃቸው ስለ እናታቸው መለሱልኝ።

የዘነበወርቅ ሰው ይህን መልስ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በወጣትነቷ ባረፈችው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያነት ከተሰየመው ሆስፒታል ነው፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ሐኪሙ ሚሲዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የከፈቱት፣ የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች የሚታከሙበት ሆስፒታል ነበር። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ቦታ አለርት ተቋቋመ፤ ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል ማሠልጠኛና ማገገሚያ ሆነ። አጠገቡ ያለው የምርምር ተቋም በሽታ አምጪውን ተህዋስ በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው ኖርዌያዊ በአርማወር ሀንሰን ስም ይጠራል። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጣው ሰው ድኖም ወደ መጣበት ቀዬ ለመመለስ ፊት አላገኘምና እዚሁ ሰፈረ፣ ወለደ፣ ከበደ። እኛ የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ጎረቤቶች ነን፤ ብዙዎቻችን ራሳችን ልጆቻቸው ነን።

በሽታው ነርቭ ይበላል። ሕክምናው ሳይደርስለት የቆየ ሰው ጣቱ ይደነዝዛል፤ የጋለ ምጣድ ይይዛል፣ ማቃጠሉን የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ነው። የጋሼ እናት ከወሎ ሲመጡ እንደዚያ ነበሩ። ከሌሎች ታካሚ ሴቶች ጋር ጥልፍ ተማሩ። «እናቴ መርፌ የምትይዘው በዓይኗ ነበር» አሉኝ ጋሼ። «ጣቷ መርፌውን አያውቀውም። ዓይኗን ካነሣች መርፌው ይወድቃል። እንዲያ ሆና ነው ያሳደገችን፤ ጥልፏ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ማታ ማታ ጨርቁን ትሰጠኝና ኖቱን በጣትህ ፈልግልኝ ትለኛለች። ያኔ ነው እጄ የተማረው።» ኖት ማለታቸው በጀርባው በኩል ክሩ የተቋጠረበትን ነው። አንድ ሕፃን ልጅ በኩራዝ ብርሃን ለእናቱ ጣት ሆኖ ሲያገለግል አሰብኩት። ከዚያ በኋላ መዳፋቸው ፓራፋንጎው ላይ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ያ ልጅ ይታየኝ ነበር።

ቀለሙን ለማግኘት ከመኪናው ውስጥ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ተፈለገ። ከኋላ ኮፈን ጎሚኒ ሥር፣ ሁለት ጣት ስፋት ያላት፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ጥቁር ሰማያዊ ተገኘች። የአባቴ ሰማያዊ ያቺ ነበረች፤ እኔ ያደግሁበት ቀለም ፀሐይ ያጠበው ኖሯል። መርካቶ በኮምፒውተር ያስቀመሩትን ቀለም ጋሼ እንዳለ አልተቀበሉም። ካርቶን ላይ ረጭተው አደረቁና ከዚያች ጠርዝ ጋር ጠዋት በጥላ፣ ቀትር በፀሐይ፣ ማታ በአምፖል አስተያዩት። «ጥቂት ቀይ ይበዛዋል» አሉ፤ ተመልሰው ሄዱ። ሌላ ቀለም ብመርጥ ሊብሬው ላይም መቀየር አለበት፤ ያን ጣጣ ግን ጭራሽ አላሰብኩትም።

የሚቀባበትን ቀን የመረጡት በጥንቃቄ ነው። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ጠርቷል፤ ዝናብ የለም፤ የበጋው አቧራ ገና አልተነሣም። እኔ 12 ይሁን ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ኅዳር ሲታጠን! በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ከተማው ካለቀ ወዲህ በየዓመቱ በዚያች ዕለት አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ሰብስባ ታቃጥላለች። ከየደጁ ጭስ፣ ከጭሱ ጋር አመድ። ማጣሪያው ቢይዘውም በአንድ ቀን ይደፈናል። አንድ ሳምንት ተጠበቀ። ሰዓቱም የተለካ ነበር፤ ከጠዋቱ 4 በፊት ላሜራው ከሌሊቱ ብርድ አልወጣም፣ ጤዛ ይይዛል፤ ከ8 በኋላ ነፋሱ ይነሣል። በመሀል ያለው አራት ሰዓት ነው የሥራው ሰዓት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ገንዳውን ለመሙላት ይለፋል፣ ቲነሩም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚተነውን ቲነር ነው የቀላቀሉት። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መመሪያ የተጻፈው ለሌላ ሀገር ሰማይ ነው፤ እሳቸው ለዘነበወርቅ ሰማይ አርመውታል።

ድንኳኑ ሲነፋ ያደረጉትን ግን መጀመሪያ አልተረዳሁትም። ጣሪያው ላይ ባሉት ቀለበቶች ሦስት ገመድ አስገብተው አንዱን ከቤቱ ወራጅ፣ አንዱን ከአቮካዶው ዛፍ፣ ሦስተኛውን ከአጥሩ ምሰሶ ጋር አሰሩ። ላላ አድርገው፣ ሸክም ሳይጥሉበት። ውስጥ ደግሞ ከመኪናው ጣሪያ የሚበልጡ ሁለት የባሕር ዛፍ መቆሚያዎችን በታጠበ አንሶላ ጠቅልለው ከፊትና ከኋላ አቆሙ። ድንኳኑ በራሱ ቆሟል፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል አልኩ በሆዴ።

ሁለቱ ነፋሾች ከድንኳኑ ርቀው፣ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ተቀመጡ። የቲነር ትነት ይነዳል፤ ሞተር ደግሞ ብልጭታ አያጣውም። ንጹሕ አየር ከውጭ ይገፋል እንጂ ትነት የያዘ አየር በሞተር በኩል አይሳብም። የኋላው ማጣሪያ የሚይዘው የቀለሙን ጠብታ ነው፤ ትነቱን አይዝም። ስለዚህ መውጫውን ማንም ወደማይኖርበት ክፍት ቦታ አዞሩ፤ ረዳታቸው በየቤቱ ዞሮ ልብስ እንዲሰበሰብ፣ ልጆች ከዚያ በኩል እንዳይጫወቱ ነገረ። ለራሳቸው ሁለት የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል አጠለቁ፤ ማጣሪያውን ያን ዕለት ከነማሸጊያው ነው የከፈቱት። ክሊሩን የሚያጠነክረው ፈሳሽ አይሶሳያኔት አለበት፤ ሳንባን ያስቆጣል፣ አንዴ አስም ካስያዘ አይለቅም። ሻርፕ ጠምጥሞ ሊገባ የሞከረውን ረዳት ከበሩ መለሱት። ለዚህ ሥራ ተገቢው ከውጭ በቱቦ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ጭንብል ነው፤ ጋሼ ያ የላቸውም። ከሥራው ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ሳንባውን መክፈል የለበትም።

ወለሉ በውኃ ርሷል። ጋሼ ቀለም ሳይሞሉ፣ ባዶ መርጫ ይዘው መኪናውን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞሩ። የአየሩን ቱቦ በትከሻቸው ላይ አሳልፈው፣ የት እንደሚረግጡ፣ የት ጎንበስ እንደሚሉ፣ የት እንደሚዞሩ ለኩ። ከዚያ ቀለሙ ተሞላ፣ ካርቶን ላይ ተሞከረ።

የመርጫውን ታሪክ ሳስብ ደስ ይለኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ አለን ዴቪልቢስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ለሕመምተኞቹ ጉሮሮ መድኃኒት የሚረጭ መሣሪያ ሠራ፤ ልጁ ያንኑ ሐሳብ ለቀለም አዋለው። ከዚያ በፊት ሠረገላም ሆነ መኪና በብሩሽ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ፣ በሳምንታት ነበር የሚቀባው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባችውን መኪና ሲያዩ ያዩት የብሩሽ ዘመን ቀለም ነበር። አሁን በአለርት አጥር ማዶ የሐኪም ዕቃ የልጅ ልጅ በአንድ ቀቢ እጅ ላይ አለ።

መርጫው ከላሜራው ከስንዝር ጥቂት ጠበብ ባለ ርቀት ቆመ። ቀለሙ መውጣት የሚጀምረው ከላሜራው ጠርዝ ውጭ ባዶ አየር ላይ ነው፤ የሚቆመውም ከሌላው ጠርዝ ካለፈ በኋላ። አንጓቸው አይታጠፍም። ሰው እጁን እንደ በር ቢያወናጭፍ መሀሉ ላይ ይወፍራል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ይሳሳል፤ ጋሼ ግን ከወገብ በታች ነው የሚሄዱት፣ እጃቸው ተከትሏቸው ይሄዳል። እያንዳንዱ ጉዞ ያለፈውን በግማሽ ይደርባል። ድምፁ አይቋረጥም፤ እሽሽሽ፣ ትንፋሽ፣ እሽሽሽ። እትዬ በረንዳው ላይ ሆነው «እንደ ማሕሌት ነው የሚረግጡት» አሉ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ሦስት ጊዜ ሰማያዊ፤ በየመሀሉ ሩብ ሰዓት። ሲደርቅ ደብዛዛ ሆነ፣ እንደ ጥቁር ሰሌዳ። ልቤ ትንሽ ሰነፈ። ከዚያ ክሊሩ መጣ። የመጀመሪያው ሲያርፍ ሰማያዊው ከሥሩ ተነሣ፤ ከጣሪያው ላይ የተሰቀለው አምፖል ጠርዙ ሳይሸራረፍ በራሱ ቅርጽ ላሜራው ውስጥ ታየ። የጋሼ ሙሉ ትኩረት ያ ነጸብራቅ ላይ ነበር። ነጸብራቁ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከቆረቆረ ደርቋል፣ ከተንቀጠቀጠ በዝቷል፣ ሊወርድ ነው። በሁለቱ መሀል ያለችው ጊዜ የአንድ እርምጃ ያህል ናት።

ሁለተኛው ክሊር ላይ ጣሪያው አልቆ፣ የግራው ጎን አልቆ፣ የኋላው ፓራፋንጎ ሊያልቅ አንድ ጉዞ ሲቀረው መብራት ሄደ።

ነፋሾቹ ዝም አሉ። ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ። የድንኳኑ ትከሻ ወዲያው ሰነፈ። እኔ ጮህኩ መሰለኝ። ጋሼ በገንዳው ውስጥ ግፊቱ ገና ያልወረደ አየር እንዳለ ያውቃሉ፤ ፍጥነት ሳይጨምሩ ያቺን አንዲት ጉዞ እስከ ኋላ ኮፈኑ መገጣጠሚያ ድረስ ጨረሱና እጃቸውን አነሡ። ጣሪያው ወረደ፣ ወረደ፣ ገመዶቹ ተወጠሩ፤ ቆመ። የፊትና የኋላው ጫፍ በአንሶላ በተጠቀለሉት የባሕር ዛፍ መቆሚያዎች ላይ አረፈ። በእርጥቡ ክሊርና በላስቲኩ መሀል ክንድ ያህል ክፍተት ቀረ። ያኔ ነው ያ ሁሉ ላላ ገመድ የገባኝ። ድንኳኑን የሠራው ሰው መብራት በማይሄድበት ሀገር ነው የሠራው፤ ጋሼ ደግሞ በሚሄድበት ሀገር ነው የሚሠሩት።

አየር ስለቆመ ትነቱ እንዳይከማች በሩን ከፍተው ወጡ። በሩ ላይ በውኃ የራሰ አንሶላ ቀድሞውኑ ተሰቅሎ ነበር፤ ትነት ያሳልፋል፣ አቧራ ይይዛል። ማጠንከሪያ የገባበት ክሊር ቆርቆሮው ውስጥም ቢሆን ይደርቃል፤ ቆርቆሮውን በደንብ ከድነው በጥላ ሥር ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጡት። የመርጫውን አፍ በቲነር አጠቡ። ጭንብላቸውን አውልቀው እትዬ አጠገብ ቁጭ አሉና ቡናቸውን ተቀበሉ። አንድም የማጉረምረም ቃል አልወጣቸውም። መብራት ተመልሶ ድንኳኑ ትከሻውን ሲያነሣ 40 ደቂቃ አልፎ ነበር። ገብተው ከመገጣጠሚያው ጀመሩ፤ ላሜራ ከላሜራ በሚለይበት መስመር ላይ። እስከ ዛሬ ያ ቦታ ከየት እስከ የት እንደሆነ እያወቅሁ እፈልገዋለሁ፤ አላገኘውም።

በማግስቱ ድንኳኑ ተነፈሰ፣ ተጠቀለለ፣ ሻንጣው ውስጥ ገባ። ጋዜጣው ሲላጥ መኪናው የአቮካዶውን ዛፍ፣ አጥሩን፣ የእትዬን ነጠላ ሁሉ ያዘ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኮፈኑ መሀል ላይ፣ ማጣሪያውንም ዚፑንም አልፋ የገባች ትንኝ ክሊሩ ውስጥ ቀርታለች። ያሳዩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ባያሳዩኝ አላያትም ነበር። ክሊሩ እስኪጠና ሳምንት ጠበቁ። ከዚያ 2000 ቁጥር ወረቀት ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቆርጠው፣ በውኃ አርሰው፣ በአንድ ጣት ክብ ክብ አሹት፤ በለስላሳ ጨርቅና በማወልወያ ቅባት እስኪያበራ ድረስ አለሰለሱት።

ሲጨርሱ ቦታውን ፈለግሁ። ከፀሐዩ በኩል፣ ከጥላው በኩል፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ብዬ። «ጋሼ፣ የት ነበረች?» አልኳቸው። መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ እጃቸው ሄዶ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ጣቴን ይዘው እዚያው አስቀመጡት።

እኔ ምንም አልተሰማኝም።